ስኩፑን ከመንቀልዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው ይዩ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ኮፈን ላይ ጉብ ብሎ አፉን ወደ ፊት ስለከፈተው የአየር ማስገቢያ የተጻፈ ነው። ስኩፕ የሚባለው ማለት ነው፤ እኔም እዚህ እንዲሁ እለዋለሁ። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። አብዛኛው ስኩፕ ፎርጅድ ነው፤ ለሙድ እንጂ ለአየር አልተሠራም፤ ይህንንም ከፊት ቆሞ በማየት መለየት ይቻላል። ነዳጅ ያስበላል። መንቀሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ የፀጉር ማድረቂያና ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል። መንቀል ያልፈለገ ከሥሩ ያለውን ላሜራ ቆርጦ ይክፈተው፤ ሞተሩ ነፃ ጉልበት ያገኛል። ማሳረጊያቸው ደግሞ የማይሠራ ነገር መኪና ላይ ማድረግ ያሳፍራል የሚል ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ይነበባል። ጸሐፊው መኪና እንደሚወዱም ያስታውቃል። ችግሩ፣ ይህን አንብቦ ወዲያው ካቻቢቴ የሚያነሣ ሰው አይጠፋም። አንድ ጊዜ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ምን እንደገጠመኝ ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

ከፊት አይቶ መፍረድ

ጸሐፊው የሰጡት መለያ ቀላል ነው። አፉ በጥቁር ፕላስቲክ ከተደፈነ የውሸት፣ ወንፊት ካለው የእውነት። ምነው እንዲህ ቀላል በሆነ! ወንፊት ኖሮት ከኋላው ድፍን የሆነ ስኩፕ ሞልቷል። ቀጭን ሆኖ፣ ከቁብ የማይቆጠር መስሎ፣ ከሥሩ ትልቅ ሥራ የሚሠራም አለ።

ሚኒ ኩፐር ኤስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ሱፐርቻርጀር፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ማለት ነው፣ ነበረው። የተጨመቀውን አየር የሚያበርደው ኢንተርኩለር ሞተሩ አናት ላይ ተቀምጦ፣ እሱን ራሱን የሚያቀዘቅዘውን ንፋስ ከኮፈኑ ስኩፕ ያገኝ ነበር። ቀጣዩ ትውልድ ያንኑ ሥራ ወደሚሠራው ቱርቦ ዞረ፤ ኢንተርኩለሩም ወደ መኪናው አፍንጫ ወረደ። ስኩፑ ግን እዚያው ኮፈኑ ላይ ቀረ። ሥራው ሄደ፣ መልኩ ቆየ። ሁለቱን መኪኖች አጠገብ ለአጠገብ አቁማችሁ ከፊት ብታዩ የትኛው እንደሚተነፍስ በዓይን አትለዩም።

በሌላ በኩል ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ኮፈኑ ላይ ያለው ስኩፕ ሳንባው ነው፤ ለኢንተርኩለሩ ንፋስ ያቀብላል። የባለ 3.0 ሊትር ዲ-4ዲ ናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ስኩፕም ያንኑ ያደርጋል። ቱርቦ አየርን ሲጨምቅ ያሞቀዋል፤ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ኢንተርኩለር ያንን አየር ሞተሩ ከመዋጡ በፊት ያበርደዋል። ስኩፑን ነቅላችሁ ቀዳዳውን ብትደፍኑ ኢንተርኩለሩ የሞተር ሙቀት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቀራል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱን ለመከላከል የካንዴላውን እሳት ያዘገየዋል፤ ጉልበት ይወርዳል። ናፍጣ ከሆነ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይጨምራል። ዳገት ላይ፣ ጭነት ይዛችሁ፣ ያኔ ይታወቃችኋል።

ታዲያ በምን ይለያል? ኮፈኑን ከፍቶ ከሥሩ በማየት። ከውስጥ በኩል የተለጠፈ የድምፅና የሙቀት መከላከያ ምንጣፍ ካለ በፕላስቲክ ቅንጥቦች የተያዘ ነው፤ እነሱን ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። ከዚያ አንድ ሰው ከላይ በባትሪ ወደ ስኩፑ አፍ ያብራ፣ ሌላው ከሥር ይይ። ብርሃኑ ካለፈ መንገድ አለ ማለት ነው። ከመንገዱ ሥር እንደ ትንሽ ራዲያተር ቅጠል ቅጠል ያለው ነገር ከታየና ዙሪያው በጎማ ከታሸገ ኮፈኑን መልሳችሁ ዝጉ። ጨዋታው አብቅቷል፤ የእናንተ ስኩፕ እንጀራውን የሚበላው ሠርቶ ነው።

ነዳጅ ያስበላል ስለሚባለው

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በግርድፉ እናስላ። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ስኩፕ ከፊት ሲታይ 240 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ መደበኛ መኪና ከፊት ሲታይ ከ20,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የምናወራው ስለ አንድ በመቶ ገደማ ነው፤ ያውም አየሩ መኪናውን ወደ ኋላ ከሚይዝበት ኃይል ብቻ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ይህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በትልቅ ፍጥነት ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ትንሽ ነገር ትሆናለች። በከተማ ፍጥነት፣ ቆም ሄድ እያሉ ለሚነዱ፣ ከስኩፑ ይልቅ ንፋስ የጎደለው ጎማ ብዙ ያስበላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ስኩፕ የሚነቅል ሰው መጀመሪያ ጎማውን ያስለካ።

የአንድ ከሰዓት ሥራ?

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ከጽሑፉ ሁሉ ያሳሰበኝ ይሄኛው ክፍል ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልሂድበት።

ስኩፕ ኮፈን ላይ የሚቆመው በሦስት መንገድ ነው። በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር የተለጠፈ አለ። ላሜራው ተበስቶ በብሎንና ዳዶ ወይም በፕላስቲክ ቅንጥብ የታሰረ አለ። ከኮፈኑ ጋር አብሮ ተጨፍልቆ የወጣ፣ ራሱ ላሜራው የሆነም አለ። ጸሐፊው የጻፉት ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ስለ እሱ የጻፉትም ቢሆን ግማሹ ነው።

የተለጠፈውን በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ትክክል ነው። እስማማለሁ። ግን ከሞቀ በኋላ በካቻቢቴ አይፈነቀልም፤ ላሜራው ይጎደጉዳል፣ ቀለሙ ይላጣል። የዓሣ ማጥመጃ ክር ወይም ጠንካራ የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብቶ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ መሳብ ነው። የቀረውን ሙጫ በአውራ ጣት እያሹ ማንከባለል፣ ግትር ካለ ቀለም በማይጎዳ የሙጫ ማስለቀቂያ መጥረግ። ቲነር አይነካም! ቲነር ሙጫውን ሲያነሣ ቀለሙንም ይዞት ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጸሐፊው አልነገሩንም። ስኩፑ ተነሥቶ ሥሩ ሲታይ ሌላ ቀለም ነው! ዓመታት ፀሐይ ሳይነካው የቆየው ቦታ ደማቅ ሆኖ፣ ዙሪያው ደብዝዞ፣ የስኩፑ ቅርጽ ልክ እንደ ጥላ ተስሎ ይቀራል። ቀይና ጥቁር መኪና ላይ ይብሳል። ፖሊሽ አንዳንዴ ያስታርቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሙሉ ኮፈኑን መቀባት ግድ ይሆናል። ኮፈን ጠፍጣፋና ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ መሐሉን ብቻ ቀብቶ መደበቅ አይቻልም። ቀለሙ ሜታሊክ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ እንዳይታወቅ ወደ ፓራፋንጎዎቹም አሳሳቶ ማሻገር ያስፈልጋል። አንድ ከሰዓት ያሉት ሥራ እንዲህ ነው የሚያድገው።

ወደ ሁለተኛው እንምጣ። በብሎን የታሰረው። የእኔ ታሪክ እዚህ ነው።

የእኔ ስኩፕ በአራት ዳዶ የታሰረ ነበር። ከሥር ሆኜ ፈታሁት፣ በአሥር ደቂቃ ወጣ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሥሩን አየሁ። አራት ትናንሽ ቀዳዳዎችና አንድ የመዳፍ ያህል ክፍት ቦታ። አየር እንዲያልፍበት አልነበረም፤ ስኩፑ ራሱ በውስጥ በኩል ድፍን ነው። ቢሆንም ላሜራው ተከፍቷል። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ሠራተኛው ወንፊት ከሥር አስደግፎ በስቱኮ ሞላው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ቀባው። የወሰድኩት ቀን መስታወት ይመስል ነበር። ጎረቤት ሳይቀር አደነቀ።

ጥቂት ወራት አለፉ። መጀመሪያ ፀጉር የመሰለች መስመር ታየች። ቀጥሎ መስመሯ ዙሪያውን ሄዳ የቀዳዳውን ቅርጽ መልሳ ሣለችው። ከዚያ ቀለሙ እንደ ቃጠሎ ውኃ ቋጠረ። በጣቴ ስነካው ከሥሩ ዝገት ነበር።

ጥፋቱ የስቱኮው አይደለም። ስቱኮ የተሠራው ጥቂት ሚሊ ሜትር ጉድለት ለማስተካከል ነው፤ ቀዳዳ ተሻግሮ እንዲቆም አይደለም። ኮፈን ደግሞ መከራ ያለበት ቦታ ነው። ከላይ ፀሐይ፣ ከሥር ሞተር ያሞቀዋል። ሲቆም ይበርዳል። ሲነዳ ይንቀጠቀጣል፣ ሲዘጋ ይደቃል። ላሜራው ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ስቱኮው አብሮት እኩል አይሄድም። ከጠርዙ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ይገባል። ስቱኮ ውኃ ስለሚመጥም ርጥበቱን ብረቱ ላይ ይዞት ይቆያል።

ትክክለኛው መንገድ ቀዳዳውን በላሜራ መዝጋት ነው። ከኮፈኑ ጋር ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ላሜራ በልኩ ተቆርጦ ይበየዳል። የኮፈን ላሜራ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ብየዳውን በተከታታይ መስመር ከሄዱበት በሙቀት ይጣመማል። አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ እዚያ፣ በየመሐሉ እያስበረዱ ነው የሚሠራው። ጥሩ የባትላሜራ ባለሙያ በዚህ ይታወቃል፤ ካልቸኮለ። ለመኪና አካል የተሠራ ጠንካራ ማጣበቂያም አለ፤ ሙቀት ስለሌለው ላሜራ አያጣምምም። ከዚያ ከላይም ከሥርም የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ስስ ስቱኮ፣ ፕራይመር፣ ቀለም፣ ክሊር። ከሥር በኩል ያለውን የሚረሱት ብዙ ናቸው። ዝገቱ ግን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማግኔት ኮፈኑ ላይ አስጠጉ። ካልያዘ አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ግላስ ነው። አሉሚኒየም በብረት ብየዳ መሣሪያ አይሠራም፤ የራሱ ሽቦና የራሱ እጅ ይፈልጋል። የብረት ብሎን አሉሚኒየም ላይ ጥሎ መሄድም ርጥበት ባገኘ ቁጥር አሉሚኒየሙን ያስበላዋል።

ሦስተኛው፣ ከላሜራው ጋር አብሮ የተጨፈለቀው፣ ባይነካ ይሻላል። መዶሻ አያስተካክለውም። ላሜራው ሲሠራ ተስቧል፤ ያ የተሳበ ብረት ጠፍጣፋ ልሁን ቢል የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ ይንሻፈፋል።

ከመንቀል ሌላ የሚቀል መንገድ አለ፤ ጸሐፊው ለምን እንዳለፉት አልገባኝም። ብዙ መኪኖች በዚያው ቅርጽ ስኩፕ የሌለው ወንድም አላቸው። የእሱን ኮፈን አግኝቶ መቀየር፣ አሮጌውን አስቀምጦ። ማጠፊያው፣ መቆለፊያውና የውኃ መርጫው ቦታ ይገጥም እንደሆነ ማየት ነው። ከሥሩ ያለው ሞተር የሌላኛውን ያህል ከፍታ እንዳለውም መለካት ያሻል። መኪናውን አንድ ቀን መሸጥ የሚያስብ ሰው ዋናውን ኮፈን ሳይበሳ ሳይቆረጥ ያገኘዋል።

ነፃ ጉልበት

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ጸሐፊው አፉን ከከፈታችሁት ንፋሱ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል ይላሉ። ይገፋል፤ ምን ያህል የሚለው ነው ጥያቄው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ንፋሱ የሚፈጥረው ግፊት 460 ፓስካል ገደማ ነው። ዙሪያችን ያለው አየር ግፊት ባሕር ወለል ላይ 101,000 ፓስካል ገደማ ነው። ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። በ200 ኪሎ ሜትር እንኳ ሁለት በመቶ አይደርስም። ይህም አንዲት ጠብታ አየር ሳይባክን ሁሉም ሞተር ውስጥ ከገባ ነው። ላሜራ የተቆረጠበት ስኩፕ አየሩን የሚያፈስሰው ሞተሩ ላይ እንጂ ሞተሩ ውስጥ አይደለም።

የቀዝቃዛ አየር ክርክራቸው የተሻለ ነው። ሞቃት አየር ስስ ነው፤ የ60 ዲግሪ አየር ከ25 ዲግሪ አየር በ10 በመቶ ገደማ ይሳሳል። እውነት ነው። ግን አሁን ያሉት መኪኖች አየራቸውን ቀድሞውንም ከፊት፣ ከራዲያተሩ በላይ ወይም ከፓራፋንጎው ጀርባ ነው የሚስቡት። የአየር ማጣሪያውን ቱቦ ተከትላችሁ እዩት። የማይጠማ ሰው ውኃ ቢቀዱለት ምን ያደርግለታል?

ይህን ሥራ በትክክል የሠሩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. የ1965ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ስኩፑ ሲወጣ ጌጥ ነበር። በኋላ ሻጮቹ ራም ኤር የሚባል ዕቃ ያቀርቡ ጀመር። ዕቃው ቀዳዳ ብቻ አልነበረም። ካርቡሬተሮቹን የሚከብብ ገበታና ከኮፈኑ ጋር የሚያሽገው ስፖንጅ ነበረው፤ አየሩ ሌላ መሄጃ እንዳይኖረው። እ.ኤ.አ. የ1970ው ሼቭሮሌት ሼቨል ኤስኤስ ደግሞ አየሩን ከፊት ሳይሆን ከንፋስ መከላከያው መስታወት ግርጌ ይስብ ነበር፤ እዚያ ቦታ ላይ ንፋሱ ስለሚታቆር ግፊቱ ከፍ ይላል። እነዚህ ሰዎች መጋዝ ከማንሣታቸው በፊት አየሩ የት እንደሚሄድ አስበዋል።

በዘፈቀደ የተቆረጠ ኮፈን ሁለት ጣጣ ያመጣል። አንደኛው ዝናብ ነው። ውኃ ቴስታታው ላይ ይወርድና የካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ኮይል ይበላሻል፣ ሞተሩ ይደናቀፋል፣ ጥፋቱን ፍለጋ ሳምንት ይፈጃል። ዲናሞና ፊውዝ ሣጥንም እዚያው ናቸው። የፋብሪካ ስኩፕ ውኃውን ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ አለው፤ የእናንተ መጋዝ የለውም። ሁለተኛው የሚገርመው ነው። ወደ ፊት የተከፈተ ስኩፕ አየር ሲያስገባ ኮፈን ሥር ያለውን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ራዲያተር የሚያቀዘቅዘው አየር ከፊቱ ገብቶ ከኋላው ሲወጣ ነው። ከኋላው ያለው ግፊት ከጨመረ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ብላችሁ የቆረጣችሁት ራዲያተሩን ሊያፍን ይችላል።

በዚያ ላይ ኮፈን ሥር ያሉት የላሜራ አጥንቶች ዝም ብለው አልተቀመጡም። ኮፈኑ በግጭት ጊዜ መሐሉ ላይ ተሰብሮ እንዲታጠፍ እንጂ እንደ ቢላ ወደ መስታወቱ እንዳይመጣ የተሠሩ ናቸው። እነሱን የቆረጠ ሰው መኪናውን ከሠራው መሐንዲስ ጋር ሳይመክር ውል ቀየረ ማለት ነው። ከውጭ ተገዝቶ የሚለጠፍም ቢሆን ጠርዙ መታየት አለበት፤ የተባበሩት መንግሥታት 26ኛ የተሽከርካሪ ደንብ ወደ ውጭ የወጣ ክፍል ጠርዙ ቢያንስ የ2.5 ሚሊ ሜትር ክብ እንዲኖረው የሚጠይቀው እግረኛ ስለሚነካው ነው። ጸሐፊው ስለ እግረኛ ምንም አላሉም።

ያሳፍራል ወይ?

ይሄ የክርክር ጉዳይ አይደለም፤ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። ጂቲኦው ራሱ በጌጥ እንደጀመረ ብቻ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 የወጣው ፎርድ ማስታንግ ጂቲም ስኩፑ አየር አያስገባም ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን ሲያፍሩ አላየሁም። እንዲያፍር የምፈልገው አንድ ስኩፕ ቢኖር ጠርዙ ተላቆ በፍጥነት ሲነዳ የሚያጨበጭበው ነው። እሱ ይነቀል፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የተሰነጠቀውም፣ ሥሩ ውኃ የሚይዘውም።

መልኩ ብቻ ያስጠላው ሰው ኮፈኑን ሳይነካ ብዙ ማድረግ ይችላል። በብሎን የታሰረውን አውጥቶ በኮፈኑ ቀለም ቀብቶ መመለስ ግማሹን ጉልህነት ያጠፋዋል። የማያብረቀርቅ ጥቁር፣ ማት የሚባለውም፣ ያምራል፤ ለእኔ ዓይን ቢያንስ።

የእኔን ኮፈን ነገር ልጨርስ። የዛገውን ስቱኮ አስወግጄ በላሜራ ላስበይደው አሰብኩ። ባለሙያው አይቶ፣ ዝገቱ ወደ አጥንቱ ስለገባ ሌላ ኮፈን ፈልግ አለኝ። ፈለግኩ። ረጅም ጊዜ ፈለግኩ። በመጨረሻ የተገኘው ንጹሕ ኮፈን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ስኩፕ አለው። ያው የድሮው ዓይነት፣ በአራት ዳዶ የታሰረ። አስገጠምኩት። ከሥር ሆኜ ዳዶዎቹን በእጄ አጠበቅኳቸው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ኮፈኑን ከፍቼ አያለሁ፤ እስካሁን ጠብታ አላስገባም።